የፈንጣጣ አባት የተባሉት አቡነ ማስያስ

በዚህ መጽሔት ከስብከቱና ከመዝሙሩ ጋር ከእኛ በፊት በእምነት የተጋደሉትን ሰዎች ታሪክ አልፎ አልፎ እናቀርብላችኋለን። አሁን የምንተርከው የሮማ ቤተ ክርስቲያን ልጅ፥ መነኩሴ፥ ጳጳስ፥ በመጨረሻም ካርዲናል ስለ ነበሩት ስለ ጉልየልሞ ማስያ ነው፤ ኢትዮጵያውያን አቡነ ማስያስ ይሏቸው ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ በሉተራውያን መጽሔት ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነውና አስቀድመን ምክንያታችንን እንገልጣለን።

ሞያሌ በስም አንዲት ስትሆን በግዛት ሁለት ናት። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ መንግሥታት በ1907 የተዋዋሉበት ድንበር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በመካከሏ ያልፋል፤ ሰሜኑ የኢትዮጵያ፥ ደቡቡ የኬንያ ነው። በሁለቱም ወገን ቦረናው፥ ገብራው፥ ገሪው፥ ቡርጂውና ሶማሌው በገበያ ይገናኛሉ፤ ከደጋ የወረደው ነጋዴ አማርኛውን፥ ከናይሮቢ የመጣው ስዋሂሊውን ይዞ ይኖርባታል። በኬንያው ሞያሌ ክርስቲያኖች በእስላሞች መካከል ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ጎረቤቱ የክርስቲያኑን ሃይማኖት የሚያውቀው በመድረክ ላይ ከሚሰበከው ይልቅ በሚዛኑ፥ በብድር አመላለሱ፥ የታመመ ሲጠይቅና የሞተ ሲቀብር በሚያሳየው ጠባይ ነው። መላው መንደር ክርስቲያን በሆነበት በደጋው አገር ለምትኖሩ ለእናንተ ይህ ፈተና ብዙ አይሰማችሁም ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ብቻውን ሰውን ክርስቲያን በሚያሰኝበት ስፍራ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ኑሮ ሳይመረመር ያልፋልና።

ከተማይቱ በ1964 በተቋቋመው በማርሳቢት የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ክልል ውስጥ ናት። በዚያ ካሉት የካቶሊክ ጎረቤቶቻችን ጋር በቅዳሴ፥ በቅዱሳን አማላጅነት፥ በሮማው ጳጳስ ሥልጣን አንስማማም፤ ይህንንም አንደብቅም። ነገር ግን እምነትን ከዕለት ሥራ ጋር ስለ ማገናኘት የሚያስተምሩት ትምህርት ብርቱ ነው። ወደዚያ አገር ያመጡት ሚሲዮናውያን ከየት እንደ ተነሡ የሚመረምር ሰው፥ ሞያሌን በዓይናቸው አይተው ወደማያውቁት ወደ አቡነ ማስያስ ይደርሳል።

እኚህ ሰው በሰሜን ኢጣልያ፥ በፒየሞንቴ አውራጃ፥ ፒዮቫ በምትባል መንደር ሰኔ 8 ቀን 1809 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ሎሬንሶ ነበረ። በ1826 ካፑቺን በተባለው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ መነኮሳት ማኅበር ገብተው ጉልየልሞ ተባሉ። የካፑቺኖች ሥርዓት ድህነትን አጥብቆ የሚያዝዝ ነው፤ ከተወለዱበት ቤት ኑሮም ብዙ የሚርቅ አልነበረም።

ቅስና ከተቀበሉ በኋላ ከ1834 እስከ 1836 በቶሪኖ ከተማ ማውሪሲያኖ በተባለው ሆስፒታል የሕሙማን የነፍስ አባት ሆነው አገለገሉ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። የተሰጣቸው ሥራ ማናዘዝ፥ ማቍረብና ሟቹን ማጽናናት ነበረ፤ እርሳቸው ግን ሐኪሞቹ ቍስል ሲያጥቡ፥ አጥንት ሲጠግኑ፥ መድኃኒት ሲቀምሙ እየተመለከቱ የሕክምናን መጀመሪያ ተማሩ። ይህ ዕውቀት ወደ ፊት በአፍሪካ ከፍልስፍና ትምህርታቸው ሁሉ የበለጠ በር እንደሚከፍትላቸው በዚያን ጊዜ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከሆስፒታሉ ወጥተው ወጣት መነኮሳትን ፍልስፍናና ትምህርተ መለኮት አስተማሩ፤ በሳቮያ ነገሥታት ቤትም የታወቁ ሆኑ። ኑሯቸው በዚህ ቢቀጥል ኖሮ በፒየሞንቴ የተከበሩ አንድ የገዳም መምህር ሆነው ባረፉ ነበር።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት የተዘዋወሩት ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ወደ ሮማ ጻፉ፤ ይህ ሰፊ ሕዝብ ወንጌልን የሚሰብክለት ይላክለት ዘንድ ለመኑ። በ1846 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ምድር ልዩ የሚሲዮን ሀገረ ስብከት አቋቋሙ፤ ማስያንም ገና ሠላሳ ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ጳጳስ አድርገው ሾሙላት። ሕዝቡን ያላየ፥ ቋንቋውን ያልሰማ ጳጳስ ነበሩ። በዚያ ላይ የሚገቡበት መንገድ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ወገን አንድ ነገር ሳንናገር ልናልፍ አንወድም። ኦሮሞን ስለ መድረስ ካቶሊኮች ከማሰባቸው በፊት የኛ ሰዎች ተነሥተው ነበር። በቩርተምበርግ ከሉተራውያን የተወለዱት ዶክተር ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ተልከው በ1839 ወደ ሸዋ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ደረሱ፤ የኦሮሞንም ቋንቋ ተማሩ። በ1842 ግን የሸዋው መንገድ ተዘጋባቸው። በሰሜን የተዘጋውን በር በደቡብ ለማንኳኳት በ1844 ወደ ሞምባሳ ሄዱ። በዚያም በመጀመሪያው ዓመት ሚስታቸውንና አራስ ልጃቸውን ቀበሩ። ከሞምባሳ ተነሥተው ወደ ኦሮሞ ምድር ለመድረስ የነበራቸው ተስፋ በሕይወታቸው አልተፈጸመም። ዛሬ ከሞምባሳ ተነሥቶ በናይሮቢና በማርሳቢት በኩል ሞያሌ የሚደርሰው የመኪና መንገድ ክራፕፍ በእግራቸው ሊሄዱት ወደተመኙት ምድር የሚያደርስ ነው። ከአቡነ ማስያስ ባልንጀሮች አንዱ የሆኑት አባ ሌዎን ዴዛቫንሼም ከሶማሌና ከዛንዚባር ዳርቻ በኩል መንገድ ፈልገው ነበር፤ እርሳቸውም ሳይቀናቸው ቀርቶ በሌላ በኩል ዞረው ገቡ።

አቡነ ማስያስ በ1846 ምጽዋ ደረሱ። በትግራይ በአጋሜ ጓላ በምትባል ስፍራ የነበሩትን ካቶሊካዊውን መልእክተኛ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን አገኙ፤ ደቀ መዛሙርታቸውንም በቅስና ሾሙላቸው። ይህን የሰሙት የግብፁ ተወላጅ አቡነ ሰላማ ተቈጡ፤ ጳጳስ በአገሬ ላይ ጳጳስ ገባብኝ ማለታቸው ነው፤ በሥርዓታቸው ሲታይ የሚያስደንቅ አይደለም። ማስያስም አገር ለቀው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ። በጥር ወር 1849 በምጽዋ በሌሊት፥ በሥውር፥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ባሉበት ደ ያቆቢስን ጳጳስ አድርገው ቀቡ። የጎጃሙ ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል በእምነታቸው ምክንያት በሰንሰለት ታስረው በ1855 የሞቱት በዚሁ ዘመን ነው። ሐበሻ በሃይማኖት ምክንያት ወንድሙን ያሠረበትን ያን ዘመን ስናስታውስ፥ በኋላ የኛም አባቶች ስለ ወንጌል ታስረዋልና፥ በማንም ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም።

ከ1846 እስከ 1852 ስድስት ዓመት አለፈ። አቡነ ማስያስ ወደ አውሮፓ ተመልሰው እንደ ገና መጡ። በመጨረሻም በግብፅና በሱዳን በኩል ስማቸውን ለውጠው፥ ነጋዴ መስለው፥ ጎጃምን አቋርጠው፥ ዓባይን ተሻግረው በኅዳር ወር 1852 ጉዱሩ ደረሱ። ጳጳስ በነጋዴ ልብስ ተሰውሮ መግባቱ ደስ የማያሰኘው አንባቢ ይኖራል፤ እኛም ሙሉ በሙሉ ደስ አላለንም። የእውነት መልእክተኛ በሐሰት ስም መንገድ መጀመሩ ከባድ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አብርሃም በግብፅ ስለ ሣራ የተናገረውን የምናነብ ሰዎች ፈሪውን ሁሉ ከእምነት ቤት አናስወጣም።

እንግዲህ ጉዱሩ ሲደርሱ ምን አደረጉ? ስብከት ለመጀመር ቋንቋው ገና አልሰላላቸውም። ካቴድራል የለ፥ ደወል የለ፥ የሚፈራቸውም የሚያውቃቸውም የለ። የነበራቸው ከቶሪኖው ሆስፒታል ያመጡት እጅ ነው። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ በየጊዜው እየተነሣ መንደሩን ያጠፋ ነበር፤ የተረፈውም ሰው ዓይኑ ይጠፋል፥ ፊቱ ይበላሻል። ወላጅ ልጁን ፈንጣጣ እስኪያልፈው ድረስ ልጅ አለኝ ለማለት አይደፍርም ነበር። አቡነ ማስያስ መከተብ ጀመሩ።

ክትባቱ እንደ ዛሬው መድኃኒት በጠርሙስ ታሽጎ በበረዶ ሣጥን የሚመጣ አልነበረም። ከተከተበው ልጅ ክንድ ላይ በስምንተኛው ቀን ገደማ የሚያቈጠቍጠውን ውኃ በመርፌ ጫፍ ወስዶ ወደ ሌላው ልጅ ክንድ ማሳለፍ ግድ ነበረ። ሰንሰለቱ ከተቋረጠ ክትባቱ ይጠፋል፤ አዲስ ለማግኘትም ወደ ባሕር ማዶ መላክ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከታቢው ቀን መቍጠር አለበት፤ የትኛው ልጅ በየትኛው ቤት እንዳለ ማወቅ አለበት፤ እናቲቱ በስምንተኛው ቀን ልጇን ይዛ እንድትመለስ ሊያሳምናት ይገባል። ዛሬ ተነሥቶ ነገ የሚረሳው የስሜት ሥራ አይደለም። በየማለዳው መርፌውን አዘጋጅቶ መቀመጥ፥ የሚያለቅስ ሕፃን ክንድ መያዝ፥ የሚጠራጠርን አባት በትዕግሥት መመለስ ነው። ሰዎች ከሩቅ አገር ልጆቻቸውን እየያዙ ይመጡ ጀመር። ለእኚህ የሮማ ጳጳስ ኦሮሞዎች የሰጧቸው የማዕርግ ስም አባ ፈንጣጣ ነበረ፤ የፈንጣጣ አባት ማለት ነው።

ሕክምናው ሰውን ለማጥመቅ የተዘረጋ ወጥመድ ነበረን? ይህን ጥያቄ በቅንነት ልንጠይቀው ይገባል፤ በኛም ክሊኒኮች ላይ ሲጠየቅ ሰምተናልና። አቡነ ማስያስ የተላኩበትን ዓላማ አልሸሸጉም፤ ሕዝቡን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ለማግባት እንደ መጡ የታወቀ ነው። ነገር ግን የተከተበው ልጅ አባቱ ቢያምንም ባያምንም ከፈንጣጣ ይድን ነበር፤ ከተከተቡት መካከልም ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት የገቡት ጥቂቶቹ ናቸው። ስለዚህ መጥመጃ ነበረ ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። ከተከታዮቻቸው መካከል ሥራውን ለእግዚአብሔር የሚከፈል ዋጋ አድርጎ የቈጠረ ካለ እኛ በዚህ እንለያለን፤ ሰው የሚጸድቅበት የክርስቶስ ሥራ ብቻ ነው፤ መርፌ የያዘው እጅ ከጸጋው የተነሣ ያመሰግናል እንጂ ጽድቅን አይገዛም። ዶክተር ማርቲን ሉተርም ገረዲቱ በመጥረጊያዋ፥ ጫማ ሰፊው በወስፌው እግዚአብሔርን እንደሚያገለግሉ ያስተማሩት በዚህ መሠረት ላይ ቆመው ነው። የሚገርመው ግን ይህን ትምህርት በቃል የያዝን ብዙዎቻችን በሥራ ከካፑቺኑ መነኩሴ ወደ ኋላ መቅረታችን ነው።

ፈንጣጣ ራሱ ዛሬ የለም። በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1976፥ በዓለም ለመጨረሻ ጊዜ በተፈጥሮ መንገድ ሰውን የያዘው በ1977 በሶማልያ በመርካ ከተማ ነው። በሽታው በመጨረሻ የተሸሸገው በደቡብ ምሥራቁ ቈላ ከብትና ግመል ይዞ በሚዘዋወረው ሕዝብ መካከል ነበረ፤ ከታቢዎቹም ሰፈሩን እየተከተሉ በእግር ደረሱበት።

ከጉዱሩ አቡነ ማስያስና ባልንጀሮቻቸው ወደ ደቡብ እየገፉ ሚሲዮን ተከሉ። በ1859 እርሳቸው ከፋ ገቡ። በዚያም ሁለት ዓመት ካገለገሉ በኋላ በ1861 ተይዘው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። በዚህ ስደት ለብዙ ዓመታት የጻፏቸው ማስታወሻዎች ጠፉባቸው። አስቀድመው የአገሩን ተወላጆች በቅስና ሾመው ስለ ነበረ ግን እርሳቸው ሲወጡ የተከሉት ሁሉ አብሯቸው አልወጣም። የውጭ አገር ሰው ሄዶ የሚቀረው የአገሩ ልጅ የያዘው ብቻ መሆኑን በ1936 የስዊድንና የሌሎች ሚሲዮኖች ሰዎች ሲወጡ የኛም ቤተ ክርስቲያን አይታዋለች።

በ1863 ወደ ሰሜን ሲመለሱ በዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ተያዙ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ካነጋገሯቸው በኋላ ለቀቋቸው። ወደ አውሮፓም ሄደው ሁለት ነገር ሠሩ። በ1866 በፈረንሳይ በማርሴይ ከተማ ለኦሮሞ ወጣቶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1867 ደግሞ በፓሪስ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ለሚሲዮናውያን መማሪያ አሳተሙ። ማን ያስተማራቸው ይመስላችኋል? በጉዱሩና በከፋ ጎጆ ውስጥ አብረዋቸው የተቀመጡት ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱም ከባሪያ ነጋዴ እጅ በገንዘብ የተዋጁ ነበሩባቸው። ልጅን ለማውጣት ለነጋዴው ገንዘብ መክፈል ንግዱን ያበረታው እንደ ሆነ በዚያ ዘመንም ይከራከሩበት ነበር። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ልጁ በደጅ ቆሞ ሳለ ግን ክርክሩን ጨርሶ መጠበቅ የሚችል ሰው ልቡ የደነደነ መሆን አለበት። የኛው አባት ኦኔሲሞስ ነሲብም በልጅነታቸው የተሸጡ ባሪያ ነበሩ፤ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጥተው ወደ ስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተሰጡ፥ በ1872ም ተጠመቁ። ዶክተር ክራፕፍም ሩፎ የተባለ ከባርነት የወጣ የኦሮሞ ተወላጅ ባይረዳቸው ኖሮ የኦሮምኛው ትርጕም ሥራ ባልቀጠለ ነበር። የኦሮሞ መጽሐፍ የተጻፈው በእነዚህ የተሸጡ ልጆች አንደበት ነው።

በ1868 አቡነ ማስያስ እንደ ገና መጥተው ሸዋ ገቡ። ያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ወጣትና አዲስ ነገር ለማወቅ የሚጓጉ ነበሩና በክብር ተቀበሏቸው። መነኩሴው ለንጉሡ አማካሪና የደብዳቤ ጸሐፊ ሆኑ። ሚሲዮናቸውንም ፊንፊኔ ቢርቢርሳ በተባለው ስፍራ ተከሉ። አዲስ አበባ ከመቆርቈሯ በፊት ነው፤ ዛሬ ከተማዋን የሚያውቅ ሰው በዚያ ከተማ እንዳልነበረ ሊያስብ ይቸግረዋል። በዚሁ ዘመን የኛ ወገን የሆኑት ዮሐንስ ማየርም በሸዋ በንጉሥ ምኒልክ ፈቃድ ይሠሩ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በመልካም ዓይን አልተያዩም። አቡነ ማስያስ በኋላ በጻፉት ታሪክ ስለ ፕሮቴስታንቶች የተናገሩት መራራ ነው። የኛዎቹም ስለ እነርሱ የጻፉት ከዚያ የጣፈጠ አይደለም። ሁለቱም ለአንድ ሕዝብ ወንጌል ይዘናል ሲሉ ሕዝቡ መለያየታቸውን ያይ ነበር፤ ይህ በሞያሌ ገበያ ዛሬም የሚታይ ነገር ነው።

በ1878 ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ታረቁ። ከስምምነቱ አንዱ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡ ነበረ። ምኒልክ ወዳጃቸውን ለማቈየት ጊዜ ቢፈልጉም በ1879 አቡነ ማስያስ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ወደ ሰሜን ተወሰዱና በሱዳን በኩል ከኢትዮጵያ ወጡ። ሰባ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያን አላዩም። ሥራቸውን የተረከቡት አባ ታውሪን ካኻኝ ወደ ሐረር ሄደው እስከ ሞታቸው ድረስ በዚያ ኖሩ።

ሽማግሌው ሮማ ከገቡ በኋላ ጳጳሱ ሌዎን 13ኛ ታሪካቸውን እንዲጽፉ አዘዟቸው፤ በ1884ም ካርዲናል አደረጓቸው። ማስታወሻዎቹ ስለ ጠፉ አብዛኛውን ከትዝታ ጻፉ። በኢትዮጵያ ስለ አሳለፉት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚተርከው መጽሐፍ ዐሥራ ሁለት ክፍል ነው፤ ከ1885 ጀምሮ ታተመ፥ የመጨረሻው ክፍል የወጣው ከሞቱ በኋላ በ1895 ነው። ስለ ኦርቶዶክስ ካህናትና ስለ አገሩ ልማድ የሰነዘሩት ፍርድ ብዙ ጊዜ ጨካኝ ነው፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ሳይቈጣ ሊያነበው ያስቸግረዋል። ነገር ግን እርሻው እንዴት እንደሚታረስ፥ ጎጆው እንዴት እንደሚሠራ፥ ምግቡ ምን እንደ ሆነ፥ ሰው ሲታመም ምን እንደሚደረግለት የመዘገቡት የዕለት ኑሮ ለታሪክ ሰዎች ትልቅ ሀብት ሆኗል።

ነሐሴ 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ ዐረፉ፤ በሮማ አጠገብ በፍራስካቲ ተቀበሩ። የውጫሌ ውል የተፈረመው በዚያው ዓመት ነበረ። እርሳቸው በሸዋ ሳሉ በ1876 የመጡትን የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች ረድተዋል፥ በምኒልክና በኢጣልያ መካከልም ወዳጅነት እንዲጸና ደክመዋል። ወዳጅነቱ በዐድዋ ምን ሆኖ እንዳለቀ አንባቢ ያውቃል። በ1939 የፋሺስቱ መንግሥት የእርሳቸውን ታሪክ በሲኒማ አሠርቶ ለወረራው መመስገኛ አደረገው፤ ሲኒማውም በቬኒስ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ተሸለመ። በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ 1940 የኢጣልያ ጦር የኬንያውን ሞያሌ በመድፍ ደብድቦ ያዘ። ዐምሳ አንድ ዓመት በመቃብር ያረፈ ሰው ለዚህ መጠየቅ አይችልም፤ ነገር ግን የወንጌል መልእክተኛ ከመንግሥታት ጋር በሚዋዋልበት ጊዜ ስሙ ወደየት እንደሚወሰድ አያውቅም። በዚህ ነገር የኛ ሚሲዮናውያንም ንጹሓን አልነበሩም።

አሁን ወደ ኬንያው ነገር እንመለስ። በቶሪኖ ከተማ ዮሴፍ አላማኖ የተባሉ ቄስ የአቡነ ማስያስን ሥራ ለመቀጠል ይመኙ ነበር። በ1901 የኮንሶላታ ሚሲዮናውያንን ማኅበር አቋቋሙ። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት አልተቻላቸውምና በ1902 የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዎች ወደ ኬንያ ላኩ፤ ከደቡብ ተነሥተው ወደ ኦሮሞ ምድር እንዲደርሱ ተስፋ አድርገው ነበር። ክራፕፍ ያሰቡትን ሐሳብ ከዐምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ሌሎች አሰቡት። ከመካከላቸው አባ ጋውደንሲዮ ባርላሲና በ1916 እንደ ማስያስ ነጋዴ መስለው ከፋን ለመድረስ ኢትዮጵያ ገቡ፤ የቀሩት በኪኩዩ ምድር ሥራቸውን አጸኑ።

አላማኖ ልጆቻቸውን ያስተማሩት ትምህርት ቀላል ነበረ። ቅድስና የሚገኘው ታላቅ ነገር በማድረግ አይደለም፥ የየዕለቱን ተራ ሥራ በሚገባና ሳያስወሩ በመሥራት ነው ይሉ ነበር። ሚሲዮናውያኑም በ1904 በሙራንጋ ተሰብስበው ሥራቸውን በየመንደሩ እየዞሩ ቤተሰብን በመጠየቅ፥ ሕሙማንን በማከም፥ በትምህርት ቤትና በእጅ ሥራ ላይ መሠረቱት። ሰውን ከሩቅ ጠርቶ ከማስተማር ይልቅ በቤቱ፥ በእሳቱ ዳር፥ ከብቱ ሲመለስ መገኘትን መረጡ። ይህ በመጀመሪያ በጉዱሩ በመርፌ የተጀመረው መንገድ ነው። ማርሳቢት ሀገረ ስብከት ስትሆን የመጀመሪያው ጳጳሷ ካርሎ ካቫሌራም ከዚሁ ማኅበር ነበሩ፤ በዚያም በረሃ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ውኃ ማውጣት፥ ትምህርት ቤትና የሕክምና ቤት አብረው ተተከሉ።

በሞያሌ ለሚኖሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ኦኔሲሞስ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው በ1899 ያሳተሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከድንበሩ በዚህም በዚያም ላለው ሰው በገዛ ቋንቋው የእግዚአብሔርን ቃል ሰጥቶታል፤ በዚህ ካቶሊኮቹ ከኛ ተበደሩ ብንል አይቈጡም። እኛ ደግሞ ቃሉን የያዝን ሆነን ጎረቤት ሲታመም ሌሊት ማን እንደሚነሣለት ስንጠየቅ መልሳችን አጭር ይሆናል። የኛ ወንጌላዊ በእሑድ ስብከት የሚያስለቅስ ሆኖ ሰኞ በሱቁ የጎደለ ሚዛን ቢገኝበት፥ እስላሙ ጎረቤት የሚያስታውሰው ሰኞን ነው። ካቶሊካዊቱ ነርስ ስብከት አታውቅም፤ የሕፃኑን የክትባት ቀን ግን አትረሳም። እግዚአብሔር በመጨረሻው ቀን በምን እንደሚመዝነን በማቴዎስ ወንጌል ሃያ አምስተኛ ምዕራፍ ተጽፎልናል፤ በዚያ የተዘረዘሩት የተራበ፥ የተጠማ፥ እንግዳ፥ የታረዘ፥ የታመመ፥ የታሰረ ሁሉም በሞያሌ መንገድ ላይ በየቀኑ የሚገኙ ሰዎች ናቸው።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን ዮሴፍ አላማኖን በ2024 ከቅዱሳን ቈጠረች። አቡነ ማስያስን ደግሞ ጳጳሱ ፍራንቸስኮስ በ2016 ክቡር ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ይህ በሥርዓታቸው ወደ ቅድስና ማዕርግ ከሚወስደው ደረጃ አንዱ ነው። የማዕርጉን ነገር ለእነርሱ እንተውላቸዋለን። የተወለዱባት መንደር ዛሬ ፒዮቫ ማስያ ተብላ ትጠራለች።